እናቴ ቤት የለችም ያልኩ ቀን

የእኛ ቤት መካነ ሰላም ውስጥ ከገበያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ዳገት ላይ ነበር። ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ይበሰላል፣ እኛም እንተኛበታለን፤ ሌላውን እናቴ «እልፍኝ» ትለዋለች። እልፍኝ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስል፤ ሦስት የጭቃ መደብ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አባቴ ከደሴ በመኪና ያስመጣቸው ሁለት ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ መስታወት፤ ያው ነው። ግን በከተማው ውስጥ ከዚያ ክፍል የበለጠ ንጹሕ ቦታ ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

እናቴ እልፍኙን በቀን ሁለቴ ትጠርጋለች። በሳምንት አንድ ጊዜ ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ዳር ነጭ አፈር እናመጣለን፤ በውሃ ታሟሟውና ጨርቅ እየነከረች መደቡንና የግድግዳውን ግርጌ ትቀባለች። ወለሉን በእበት ትለቀልቀዋለች፤ እስኪደርቅ ድረስ ማናችንም ደፉን አናልፍም። መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል፣ አጎዛው ላይ የታጠፈ የበግ ፀጉር ባና ይቀመጣል፣ ከበሩ ጀርባ የእንግዳ እግር መታጠቢያ ገበቴ ተደፍቶ ይጠብቃል። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ማንም ሳይመጣ ለምን እንለፋለን?» ብያት ነበር።

«እንግዳ ከገባ በኋላ መጥረጊያ ማንሳት ‹ለምን መጣህ› ማለት ነው» አለችኝ፤ መጥረጊያውን ግን አልተቀበለችኝም።

አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። እጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አለቃው ሲያስጠራው የኮቱን ቁልፍ ሳይቆልፍ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው። እንግዳ አይጠላም፤ ግን የሚመጡት ሁሉ የእናቴ እንግዶች እንደሆኑ አድርጎ ነበር የሚያያቸው። ሰላም ይላል፣ እህል ውሃ መቅረቡን ያያል፣ ከዚያ ጋዜጣውን ይዞ ጥግ ይይዛል። ለፍርድ ቤት ጉዳይ ከገጠር የሚመጡ ዘመዶች፣ ለንግሥ የሚመጡ መነኮሳት፣ ገበያተኞች፣ ሁሉም ያን መደብ ያውቁታል።

ከእንግዶቻችን ግማሹ እስላም ነበር፤ ወሎ ነውና ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። እናቴ ለእነሱ ብቻ የሚሆን አንድ ድስት፣ ሁለት ጣባና ሦስት ኩባያ ለብቻ ለይታ ታስቀምጣለች፤ እኛ ልጆች መንካት አይፈቀድልንም። ዶሮ መታረድ ሲኖርበት ጎረቤታችን ሸኽ ይጠሩና «ቢስሚላህ» ብለው ይባርካሉ። ያን ቀን እኛ ሽሮ እንበላለን፤ ሽታው ግን የሁላችንም ነበር።

ከእነዚያ እንግዶች መካከል አንዷን ነው ዛሬ የማነሳት። ከከላላ ወዲያ ካለ መንደር የምትመጣ ሴት ነበረች፤ ጥጥ ትፈትላለች፣ ፈትሏን እኛ አገር ላሉ ሸማኔዎች ትሸጣለች። አባቴ «የከላላዋ እንግዳሽ» ይላታል። እኛም ቤት ስሟ በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ቤታችን የገባችው ሰባት ዓመት ገደማ ሳለሁ ነው። እናቴ የስድስት ወር ፅንስ ወርዶባት ተኝታ ነበር። አባቴ ሥራ ቦታ ነው፣ ቤቱ ሳይጠረግ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፣ ምድጃው ዙሪያ አመድ ተቆልሏል። ውጭ የክረምት ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል። ከደጅ «ኧረ ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማን።

እናቴ ከተኛችበት ቀና ለማለት ሞከረች። «ማነሽ? ግቢ እንዳልልሽ ቤቱ…» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከሕመሟ ይልቅ ያ ያሳፈራት ይመስለኛል።

ሴትየዋ ከነብስባሴዋ ገባች። አንዲት እኔን የምታክል ሴት ልጅ በእጇ ይዛለች። ቤቱን አየች፣ እናቴን አየች። «እኔ ዝናብ ነው የምሸሽ እንጂ ቤት ልታዘብ አልመጣሁም፤ አብሽሪ እናቴ» አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። መጥረጊያውን ከጥግ አነሳች።

እስከ ማታ ድረስ አልተቀመጠችም። አመዱን አወጣች፣ ወለሉን ለቀለቀች፣ ውሃ ቀዳች፣ እናቴን ገላዋን አጠበቻት፤ አጥሚት ሠርታ በማንኪያ እያጎረሰች «አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ትላት ነበር። በዚያ ዝናብ ገበያ እንዳመለጣት እኔ እንኳ ገብቶኛል። አባቴ ሲገባ ደንግጦ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «እንግዳ ናት» አለችው፤ እንባዋ እየወረደ።

ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት በየወሩ እኛ ቤት ታድራለች። ስትመጣ ከልጇ ጋር ነው። ልጅቷ ዝምተኛ፣ ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ፤ እንዝርት ማሽከርከር ያስተማረችኝ እሷ ናት። እናቶቻችን እልፍኙ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሴት ልጅ፣ ስለ ሞቱባቸው ሕፃናት። እናቴ ማርን በውሃ በጥብጣ ብርዝ ታቀርብላታለች፤ እሷም ጨለፍ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ፣ ይኸ ቤት አይጉደል» ትላለች።

እንዲህ አራት ዓመት ያህል ሄደ።

ክፉው ቀን የመጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ በልጉ ቀረ። ሰው «ክረምቱ ይክሰዋል» አለ። ክረምቱም ነካ አድርጎ ተመለሰ። ገበያው ላይ የሚሸጠው ከብት በዛ፣ እህሉ አነሰ። ቀጥሎ ከብቱም ጠፋ፤ ሰው የበር ሳንቃ፣ የቤት ምሰሶ ተሸክሞ መምጣት ጀመረ። ከዚያ ሰዉ ብቻውን መጣ። ከቆላው በኩል እየወጡ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በመስጊዱ ደጅ ተቀመጡ።

እናቴ በየቀኑ ጠዋት አንድ ድስት ንፍሮ ቀቅላ በር ላይ ታወጣ ነበር። ድስቱ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን አባቴ እህል ያለበትን ጎታ ከፍቶ እጁን ሰደደና መሬቱን ነካ።   በማግስቱ ንፍሮው ቀረ፤ በሩ ግን እንደተከፈተ ነው፤ መደቡም ይቀባል።

የከላላዋ እንግዳ ሦስት ወር ሳትመጣ ቆየች። በአራተኛው መጣች። ከስታለች፤ ልጇም ከስታለች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆቿን ከአክስታቸው ጋር ትታ ነው የመጣችው። ፈትሏን የሚገዛት አላገኘችም። እናቴ ያለውን አቀረበች። ሴትየዋ ሁለት ጉርሻ በልታ እጇን ሰበሰበች። «መንገድ ላይ በልተናል» አለች።

«በሞቴ!» አለች እናቴ።

«አንቺ አትሙቺ። በልተናል።»

ልጅቷ ጣባውን እያየች ምራቋን ስትውጥ አየኋት። እናቴ ለመንገድ ትንሽ ዱቄት ቋጠረችላት። ሴትየዋ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነካችው። እንዲያ አድርጋ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አባቴ ከሥራ ፊቱ ልዩ ሆኖ ገባ። ከላይ ትልቅ ሹም ሊመጡ ነው፤ አገሩን አይተው ምሳ በልተው ይሄዳሉ። አለቃው አባቴን ጠርቶ «ሚስትህ ባለሙያ ናት፣ ቤትህም ንጹሕ ነው፤ ምሳው አንተ ቤት ይሁን» ብሎታል። በግ፣ ጤፍ፣ ቅቤ ይላካል። አባቴ ይህን ሲናገር የኮቱን ቁልፍ እየነካካ ነበር።

«ደግ ነው» አለች እናቴ። «አገሩን ካዩ እህል ይልካሉ።»

 አባቴ «የተጻፈላቸው ወረቀት አገሩ ደህና ነው የሚል ነው» አላት።

«ማን ጻፈው?»

ኮቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። እናቴ የቢሮው ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚጻፍ ታውቃለች፤ ደግማ አልጠየቀችም።

ሹሙ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ከተማው ይጠረግ ተባለ። ሁሉም ሰው ደጁን ጠረገ። ከዚያ ዘበኞች መጥተው በመንገዱ ዳር የነበሩትን ሰዎች እያስነሱ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይወስዷቸው ጀመር። መነሳት ያቃታቸውን በቃሬዛ ወሰዷቸው። እናቴ በር ላይ ቆማ አየች። ገብታ አባቴን «ቤት እንጠርጋለን፣ ደጅ እንጠርጋለን። ሰውን ደግሞ እንዴት ነው የሚጠርጉት?» አለችው።

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ሰው ይሰማል» አላት።

በቀኑ ቤታችን እንዲያ አምሮ አያውቅም። እናቴ መደቡን ሁለት ጊዜ ቀብታዋለች፤ ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል፤ በዚያ ድርቅ ያን ሣር ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ሹሙ ወፍራም፣ ትሁት ሰው ነበሩ። እጃቸውን እያስታጠብኩ ሳለ ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ። መደቡን፣ ባናውን፣ ግድግዳውን አዩና አባቴን «ይኸ ነው የወሎ ቤት! እንግዳ ተቀባይነታችሁን በወሬ ነበር የምሰማው» አሉት። አባቴ ጎንበስ አለ። ፈገግታው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ደስታ አልነበረም፤ ጥርሱ ብቻ ነበር የታየው።

ሁለተኛው ወጥ ሊቀርብ ሲል ነው ከደጅ ድምፁ የመጣው።

«ቤቶች! አሰላሙ አለይኩም! እንደምን ዋላችሁ?»

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ሁላችንም ድምፁን አውቀነዋል። የግቢው በር ገርበብ ያለ ነው፤ ሁለት እርምጃ ብትገባ ከእልፍኙ ትታያለች። አባቴ በፍጥነት ወደ እኛ ክፍል ወጣ።  እናቴን ሳይሆን እኔን ክንዴን ያዘኝ።

«ውጪና ‹እናቴ ቤት የለችም፣ ወረኢሉ ለቅሶ ሄዳለች› በያት። ቶሎ።»

እናቴን አየኋት። ሂጂም አላለችኝ፣ አትሂጂም አላለችኝ። ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። እኔም ወጣሁ።

ሴትየዋ ከልጇ ጋር በር ላይ ቆማለች። እግራቸው እርጥብ ነው። ከታች ከወንዙ ታጥበው፣ ፊታቸውን አብሰው ነው የወጡት፤ እንደ እንግዳ ሆነው ሊገቡ። ነጠላዋ ያረጀ ነው፣ ግን ታጥቧል። በእጇ አንዲት ትንሽ የፈትል ልቃቂት ይዛለች። ባዶ እጇን ላለመምጣት ይሆናል።

«ልጄ! ደህና ነሽ? እናትሽስ?»

«እማዬ… የለችም» አልኩ። «ለቅሶ ሄዳለች። ወረኢሉ።»

ከውስጥ የሹሙ ሳቅ ተሰማ። የወጡ ሽታ በበሩ በኩል ይወጣል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያልለቀቃት የጭስ ሳል ነበረባት። ያን ጊዜ ሳለች። አንዴ፣ ከዚያ አፏን አፍና አንዴ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እህ» አለች ሴትየዋ።  «ለቅሶ ነው? ነፍስ ይማር። እንግዲያ ስትመለስ መጥታ ነበር በያት። ሰላም ብላሻለች በያት።» ልቃቂቱን እጄ ላይ አኖረችው። «ለዚህች ልጅ ጉንጭ ውሃ ይገኝ ይሆን?»

ሮጬ ገባሁ። ለእነሱ ተለይተው ከተቀመጡት ኩባያዎች አንዱን አውርጄ ውሃ ስቀዳ እናቴ በሌላ እጄ ትልቅ ዳቦ አስያዘችኝ። «ሩጪ» አለችኝ፤ ከዚያ ሁሉ ያለችኝ ያን ብቻ ነው።

ስወጣ በሩ ላይ የሉም። መንገዱ ላይ ደረስኩ። ሁለት ዘበኞች ከሌሎች ሰዎች ጋር አድርገው ወደ ኮረብታው ሲነዷቸው ከኋላ አየኋቸው። ብጠራ ይሰሙኝ ነበር፤ ሩቅ አልነበሩም። ግን ዳቦ ይዤ ብጠራቸው ማን ሰጠሽ ይሉኛል፤ እናቴ ቤት መኖሯ ይታወቃል። ይህን አሰብኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቆማ ይህን አሰበች። ውሃው እየተንጠባጠበ እግሬን አረጠበው። ኮረብታውን እስኪያልፉ አየኋቸውና ተመለስኩ።

እናቴ ዳቦውን ከእጄ ወስዳ መልሳ ሞሰቡ ውስጥ ከተተችው። ልቃቂቱን አላየችም፤ እኔም አላሳየኋት፤ ከመኝታዬ ሥር ደበቅኩት። ሹሙ ምሳቸውን ጨርሰው፣ እናቴን አስጠርተው አመስግነው ሄዱ። በዚያ ቀንና በማግስቱ እልፍኙ አልተጠረገም። ሣሩ እዚያው ደረቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ተመለሰ፤ ንጉሡም ወረዱ። ከተማችን ውስጥ ሬዲዮ ያላቸው ጥቂት ነበሩ፤ ሰው በየቤታቸው ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ረሃቡ ተደብቆ ነበር የሚለው ወሬ ከሬዲዮኑ ሲወጣ እንደ አዲስ ነገር እንሰማው ነበር፤ ከሬዲዮኑ ሥር የተቀመጡት ግማሾቹ በረሃቡ የሞተ በእጃቸው የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ብዙም ሳይቆይ «ደብዳቤዎቹን የጻፈው ማን ነው?» ተባለ። ያዘዘው አለቃ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። እጅ ጽሑፉ የአባቴ ነበር። አንድ ጠዋት ወሰዱት። ኮቱን እንዲቆልፍ ጊዜ ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን እንግዳ አልመጣም። የታሰረ ሰው ቤት ማን ይገባል? ጎረቤት በሩቁ እጁን ያነሳል፤ ዘመድ ገበያ ሲመጣ በሌላ መንገድ ያልፋል። ሸኹ ብቻ ነበሩ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ብለው «አላህ ያውቃል» ብለው የሚሄዱት። ቀጥሎ እልፍኙ ለቀበሌ ስብሰባ ይፈለጋል ተባለና ወሰዱት። መደቦቹ ላይ ሰዎች ከነጫማቸው እየወጡ ይቀመጡ ነበር። እናቴ ስብሰባው ሲያበቃ ገብታ ትጠርገው ጀመር። «እሱ እኮ አሁን የእኛ አይደለም» ስላት «የሚገባው ግን ሰው ነው» አለችኝ።

በመኸር፣ እህል ሲሰበሰብ፣ እናቴ ከሸኹ በቅሎ ተዋሰች። ዱቄት፣ ጨው፣ አንድ አዲስ ነጠላ ጫነች። የት እንደምንሄድ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ያን ልቃቂት ግን ከመኝታዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። እስካሁን የት እንደነበር ሳትጠይቀኝ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

አንድ ቀን ተኩል ተጓዝን። ከላላን አልፈን መንደሩን እየጠየቅን ደረስን። እናቴ የሴትየዋን ስም ስትጠራ አንድ ሽማግሌ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከሦስት ልጆቿ ጋር ወደ ወረኢሉ መንገድ ወጥታ ነበር፤ የተመለሰችው ትልቋ ልጅ ብቻ ናት። ቤቱን በጣታቸው አሳዩን።

ትንሽ የሣር ቤት ነው፤ ግማሹ ሣር ተነቅሏል፤ በክፉው ቀን ለከብት ተሰጥቶ ይሆናል። ደጁ ግን ተጠርጓል። የመጥረጊያው መስመር አፈሩ ላይ ይታያል። ልጅቷ ወጣች። ረዝማለች። እናቴን ስታይ ቆመች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት።

«እንደምን ሰነበቱ? ይግቡ፣ ይግቡ።»

አስገባችን። መደቡ ላይ ቆዳ አነጠፈች። ውሃ አሞቀችና የእናቴን እግር ልታጥብ ተንበረከከች። እናቴ እግሯን ሰበሰበች።

«ተይ ልጄ።»

«እንግዳ አይደሉ?» አለች ልጅቷ። እግሯን ያዘችና አጠበች። ቀስ ብላ፣ በጣቶቿ መካከል ሳይቀር። ከዚያ ያላትን ገብስ ቆላች። በሰፌድ አቀረበችና ራሷ ሳትቀምስ ቆመች።

እናቴ አንድ ፍሬ አላነሳችም። «ልጄ፣» አለች፣ «ያን ቀን ቤት ነበርኩ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከሰፌዱ አላነሳችም። «አውቃለሁ። ሲስሉ ሰማን።»

«እናትሽስ?»

«እሷም ሰምታለች።»

 ውጭ ዶሮ ይጭራል። ልጅቷ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ተናገረች። «ሲወስዱን እኔ አለቀስኩ። ‹ቤት አሉ እኮ፣ ዋሹን› አልኳት። ‹ዝም በይ፤ ያልጠራችው እንግዳ ገብቶባት ነው። በሩ ተከፍቶ ብንገባ እሷ ናት የምታፍረው› አለችኝ። ‹አትቀየሚያት› አለችኝ።»

እናቴ ያለቀሰችው እንዴት እንደሆነ መጻፍ አልችልም። ልጅ ሲሞትባት አይቻታለሁ፤ አባቴ ሲታሰር አይቻታለሁ። እንደዚያ አላለቀሰችም።

ልጅቷ ቀሪውንም ነገረችን። ከኮረብታው ጀርባ ሁለት ቀን ቆይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ትንንሾቹን ይዘው ወደ ወረኢሉ ሄዱ። እዚያ ሰው ብዙ ነበር። በሽታ ገባ። መጀመሪያ ትንሹ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ እናትየዋ። «ሰዎች ቀበሯት። ቦታውን አላውቀውም» አለች። ከብዙ ሰው ጋር ነው አለች።

እናቴ ልቃቂቱን ከብብቷ አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀብላ ክሩን በጣቷ ፈተሸችው። «የሷ እጅ ነው» አለች።

በማግስቱ ልንሄድ ስንል እናቴ «ከእኔ ጋር ነይ። እንደ ልጄ ትኖሪያለሽ፤ ከዚህች ጋር ትማሪያለሽ። መስጊዱም ቅርብ ነው፤ ማንም አይነካሽም» አለቻት።

ልጅቷ አሰበች። እምቢ ለማለት ስትል ብቻ እምቢ የምትል ልጅ አልነበረችም። «ቤቱን ማን ይይዘዋል?» አለች በመጨረሻ። «ዘመድ ቢመጣ ባዶ ያገኘዋል።» ዱቄቱንና ጨውን ተቀበለች። ነጠላውን ስትለብስ ረዘመባት። እስከ መንደሩ ዳር ሸኘችን። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ ያን ሁሉ መንገድ በቅሎዋ ላይ አልወጣችም፤ አጠገቧ በእግሯ እየሄደች ደረሰች።

ልጅቷን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አየኋት፤ አንዴ ገበያ፣ አንዴ ስታገባ። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛው ድርቅ ሲመጣ ከባሏ ጋር ለሰፈራ በመኪና ተጭነው ወደ ምዕራብ ሄዱ ሲባል ሰማሁ። እውነት ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥልኝ ሰው አላገኘሁም።

አባቴን የፈቱት ከዚያ ጉዟችን ቀጥሎ በመጣው በጋ ነው። ፀጉሩ ነጥቶ መጣ። እልፍኙ ገና አልተመለሰልንምና በምድጃው አጠገብ፣ የእኛ መኝታ ላይ ተቀመጠ። ሥራ አልነበረውም፤ ጋዜጣም አልነበረውም። ለብዙ ቀን የቀረበለትን ይበላል፣ የተሰጠውን ይለብሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ምስር ስትለቅም «የከላላዋ እንግዳሽስ?» አላት።

እናቴ ሁሉንም ነገረችው። መንገዱን፣ ደጁን፣ እግሯን እንዴት እንዳጠበቻት፣ ልጅቷ የተናገረችውን። አንዱንም አልቀነሰችለትም፤ አንዱንም አልጨመረችበትም። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማት። 

«ስሟ ማን ነበር?» አላት።

እናቴ ከምስሩ ቀና አለች። አራት ዓመት ሙሉ መደባችን ላይ ያደረች፣ እሷን ከሞት አፋፍ የመለሰች ሴት ስም ነው የሚጠይቃት። ተቆጥታ ትመልስለታለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ስሟን ከነአባቷ ስም ነገረችው።

አባቴ ደገመው። አንዱን ፊደል አሳሳተው። እናቴ አረመችው፤ እሱም እንደገና አለው፣ አሁን በትክክል። ከዚያ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳና ወደ ደጅ ወጣ። እናቴም ወደ ምስሯ ተመለሰች።